የአክስቴ ሉል ስንት ዓመቱ ነው?

(ባለፈው ወር ዱባይ ስንሰባሰብ ያወራሁት ነው። ያልመጣችሁ ጻፊልን ስላላችሁኝ ስልክ ላይ ከተቀዳው ገልብጬዋለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሰላም ለሁላችሁም፣ መጀመሪያ ይሄን እዩልኝና ወደ ኋላ አሳልፉት፣ እንዳይወድቅ ብቻ አደራ። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለችው ነገር ሉል ናት፣ የአክስቴ ናት። አክስቴ ሻርጃ አንድ ቤት 22 ዓመት ሠርታለች፣ የቤቱ ትልቅ እናት፣ ማማ ከቢራ የምንላቸው ማለት ነው፣ ከመሞታቸው በፊት ጠርተው ይቺን እጇ ላይ አስቀመጡላት፣ አባቴ ጠላቂ ነበር ይሄ የእሱ ነው አሏት። ቀዩም ጨርቅ የሳቸው ነው፣ የድሮ የሉል ነጋዴዎች እዚህ አገር ሉል የሚቋጥሩት በቀይ ጨርቅ ነበር። እሷም ዓመቱን ሙሉ ልብስ መሃል ደብቃ አስቀምጣ አንድ ቀን አወጣችልኝና "አንቺ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ ትዪ የለ፣ ይሄ ነገር ስንት ዓመቱ ነው? ደግሞስ የውነት የባሕር ነው ወይስ አሁን እንደሚያረቡት ነው?" አለችኝ።

የዛሬው ወሬዬ በሙሉ የዚች ጥያቄ መልስ ነው። እሷ ሁለት ነገር የጠየቀች መስሏታል ግን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሉል የሚሠራው ኦይስተር የሚባል ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ነው፣ ሥጋው ውስጥ የሚረብሸው ነገር ሲገባ ወይም ሥጋው ሲጎዳ የራሱን ቅርፊት የሚሠራበትን ነገር ስስ ስስ አድርጎ ይደራርብበታል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር ነው፣ አንዷ ንብርብር ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ታንሳለች፣ ያ የሚያብረቀርቀው መልኩም የሚመጣው ብርሃን በነዚያ ንብርብሮች መሃል ሲመላለስ ነው። ድሮ ሰው ይሄን የሚያገኘው ጠልቆ ብቻ ነበር። ይሄ አሁን ፎቅ በፎቅ ሆኖ የምናየው አገር፣ ባሕሬንም ኩዌትም ጭምር፣ ነዳጅ ከመውጣቱ በፊት የኖሩት በዚህ ነው፣ በበጋ በእንጨት ጀልባ ለወራት ወጥተው አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው በድንጋይ ክብደት እየወረዱ በአንድ ትንፋሽ። በኛም በኩል ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሉል ይወጣ ነበር፣ ምጽዋ ገበያም ይወርድ ነበር። በግእዝ ሉልን ባሕርይ ነው የሚሉት፣ ባሕር የሚለው ቃል ውስጡ አለ፣ እኔ ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም በኋላ እንደምታዩት ሳይንሱም የሚያወራው ስለ ባሕሩ ነው።

ከዛ ጃፓኖች መጡ። ሚኪሞቶ ኮኪቺ በ1893 ግማሽ ክብ የሆነ ሉል በእርባታ አወጣ፣ ሙሉ ክቡን የማርባት ዘዴ ደግሞ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተገኘ፣ በ1920ዎቹ አውሮፓ ገበያ ገብቶ የነጋዴውን እንቅልፍ ነሳው። የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሲጨመርበት የባሕረ ሰላጤው ጠላቂ ሁሉ ሥራ ፈታ፣ ረሃብ የገባባቸው ቤቶች ነበሩ። (ቻይናዎች ከዛ በፊት ለብዙ መቶ ዓመት በወንዝ በሚኖር ባለ ሁለት ክዳን እንስሳ ቅርፊት ላይ ትናንሽ የቡድሃ ምስል በሉል ያስለብሱ ነበር፣ ግን እሱ ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈ ነው፣ ክብ ሉል አይደለም።)

አሁን ነገሩ ገባችሁ? አንድ ክብ ሉል ከ1900 በፊት የተሠራ ከሆነ የእርባታ ሊሆን አይችልም፣ እርባታው አልነበረማ። ዕድሜውን ያወቀ ሰው የተፈጥሮ መሆኑን አወቀ ማለት ነው። የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ የሰማይና የምድር ነው፣ ላ ፔሬግሪና የምትባለው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓናማ የተገኘች ሉል፣ የስፔን ነገሥታት ያደረጓት፣ በኋላ ኤልዛቤት ቴይለር አንገት ላይ የዋለችው፣ በ2011 ኒውዮርክ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሸጠችው።

ራጅ አለ አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ አለ፣ የሉል ምርመራ መጀመሪያው ራጅ ነው። የእርባታ ሉል መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቅርፊት የተሞረደ ድብልብል ኳስ ይከቱበታል፣ ራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አለቀ። ግን ኳስ ሳይከቱ የሚያረቡትም አለ፣ እርባታ ቤት ውስጥ በአጋጣሚ የሚፈጠርም አለ፣ እነዚህ ራጅ ላይ ከተፈጥሮው ጋር ይምታታሉ፣ ባለሙያ ከባለሙያ የሚከራከርባቸው ናቸው። ዕድሜ መለካት የሚፈለገው እዚህ ጋ ነው።

እንዴት ነው የሚለካው ወደሚለው ልግባ። ቤታችሁ ስትገቡ የእንቁላል ቅርፊት ውሰዱና ሎሚ ጭመቁበት ወይም አቼቶ አፍስሱበት። ይንቸረችራል፣ ትናንሽ አረፋ ያወጣል። የእንቁላል ቅርፊትና ሉል የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ አረፋው ደግሞ ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ማለትም ቅርፊቱ ውስጥ ተቆልፎ የነበረው ካርበን ነው ወጥቶ የሚያመልጣችሁ። ላብራቶሪውም በመሠረቱ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ከሉሉ ትንሽ ዱቄት ይወስዳል፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያፈስበታል፣ አረፋውን ግን አያስመልጥም፣ ይይዘውና ወደ ግራፋይት ይቀይረዋል፣ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር።

ያ ካርበን ውስጥ ነው ሰዓቱ ያለው። ከህዋ የሚመጣው ኮስሚክ ሬይ አየሩን ላይኛው ጋ ሲመታው ኒውትሮን ይበተናል፣ ኒውትሮኑ ናይትሮጅንን ሲያገኘው ካርበን 14 ያደርገዋል። እንደ ተራው ካርበን ነው የሚሆነው፣ ከኦክስጅን ጋር ይጣመራል፣ ዛፍ ይበላዋል፣ ዛፉን በግ ይበላዋል፣ በጉን እኛ። ብቻ ይሄኛው ካርበን አይጸናም፣ በ5,730 ዓመት ግማሹ ተመልሶ ናይትሮጅን ይሆናል። አንድ እንጀራ አስቀምጣችሁ በየ5,730 ዓመቱ የተረፈውን ግማሽ የሚቆርስ ሰው እንዳለ ቁጠሩት፣ ስንት እንደቀረ አይታችሁ መቼ እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ። እንስሳው በሕይወት እስካለ አዲስ ይገባለታል፣ ሲሞት ወይም ቅርፊቱ ተሠርቶ ሲዘጋ ነው ቆጠራው የሚጀምረው። ይሄን ያገኘው ዊላርድ ሊቢ ነው፣ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ 1949 ላይ አወጣው፣ በ1960 ኖቤል ተሸለመበት።

ሊቢ ግን ሉል መለካት አይችልም ነበር። ለምን አይችልም የሚለውን እስቲ አብረን እናስላ፣ ሒሳቡ ደስ ይላል። ስምንት ሚሊሜትር የሆነች ሉል 0.7 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። ከሷ 8 ሚሊግራም ዱቄት ብንወስድ፣ መቶኛ እጇን ማለት ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ካርበኑ 12 ፐርሰንት ስለሆነ አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ካርበን እናገኛለን። አንድ ሚሊግራም እንበለው። እዚያ ውስጥ 60 ሚሊዮን ገደማ የካርበን 14 አተም አለ፣ ብዙ ይመስላል፣ ግን ሊቢ ይቆጥር የነበረው አተሟ ስትፈነዳ የምታሰማውን ነው፣ እና ከነዚያ 60 ሚሊዮኖች በሰዓት አንዷ እንኳን በደንብ አትፈነዳም። በሰዓት አንድ! ተቀምጣችሁ ስትጠብቁ ከአካባቢው የሚመጣው ጨረር ይበልጠዋል። ስለዚህ በሱ ዘዴ ሉሉን በሙሉ ፈጭታችሁም አይበቃም ነበር።

የቀየረው ከ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው አክስለሬተር ነው፣ እስክትፈነዳ አይጠብቅም፣ አተሞቹን እራሳቸውን ይቆጥራቸዋል። ግራፋይቱን ሲዚየም በሚባል ብረት አተሞች ይደበድቡታል፣ የሚፈናጠረውን ካርበን ቻርጅ ሰጥተው ያስፈነጥሩታል፣ ማግኔት መሃል ሲያልፍ ከባዱ በሰፊው ይታጠፋል ቀላሉ በጠባቡ፣ ካርበን 12፣ 13 እና 14፣ ቁጥሩ የክብደታቸው ነው፣ በየመንገዳቸው ይለያያሉ። ክብደቱ ከካርበን 14 ጋር እኩል የሆነው ናይትሮጅን ገብቶ እንዳያምታታ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ረዳችን፣ ናይትሮጅን ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ አይቆይም፣ በር ላይ ይቀራል። እኔ ይሄን ክፍል መጀመሪያ ስማር ሰውነቴን ነው የወረረኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ቻለ ብዬ።

እንግዲህ ማሽኑ ቁጥር ሰጠን እንበል። ሉልሽ 400 ዓመቱ ነው አለ። አክስቴ እልል ትላለች፣ ነጋዴውም እልል ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ የዛሬው ወሬዬ ዋናው ነጥብም ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይቺን ያዙልኝ።

ዛፍ የሚበላው አየር ነው። የፍየል ቆዳም ቢሆን ፍየሏ ሳር ናት የበላችው፣ ሳሩ አየር ነው የበላው። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራናው ኦክስፎርድ ሲለካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ነው የወጣው፣ ከዛ በፊት ብዙ ምሁራን 11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው ይሉት ነበር፣ እሱ ላይ የባሕር ጣጣ የለበትም። ኦይስተር ግን የሚወስደው ካርበን በአብዛኛው ባሕሩ ውስጥ የሟሟውን ነው። ባሕር ደግሞ ጠላ ማለት ነው። አንዲት ሴትዮ የዛሬ ሳምንት የተጠመቀ የከረመ ጠላ ጋን ሥር አላት፣ ላዩ ላይ የዛሬውን ትደባልቅበታለች፣ እናንተ ቀምሳችሁ "ይሄ የሦስት ቀን ነው" ትላላችሁ፣ ግን ጋኑ ውስጥ የሦስት ቀን ጠላ የሚባል ጠብታ የለም፣ የከረመና የአዲስ ድብልቅ ነው። ጥልቁ የባሕር ውሃ ከአየር ጋር ሳይገናኝ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል፣ ካርበን 14ቱ እየቀነሰ ነው፣ ከዛ ወደ ላይ ይወጣና ከላዩ ጋር ይደባለቃል። በአማካይ የላዩ የባሕር ውሃ በካርበን ሲለካ 400 ዓመት ያረጀ ይመስላል። ትናንት የተሠራው ቅርፊት ሲወለድ ጀምሮ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚወለደው።

ስለዚህ ማሽኑ 400 ሲል፣ ቆጠራው ወደ ኋላ የሚሄደው ከ1950 ስለሆነ በጥሬው 1550 ይወጣል፣ የስፔን መርከቦች ዘመን፣ ታሪክ ያለው ሉል ነው ብሎ ለመሸጥ ምን የመሰለ ቁጥር። ባሕሩን ስትቀንሱለት ግን ያ ሉል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወይም በ20ኛው መጀመሪያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ነው! ደግሞ 400ው አማካይ ነው፣ እያንዳንዱ ባሕር የራሱ አለው። ኦማንና ሶማሌ ዳርቻ የክረምቱ ነፋስ የላዩን ውሃ ሲገፋው ጥልቁ ይወጣል፣ ስለዚህ እዚያ ድብልቁ የበለጠ ያረጀ ነው። ሉሉ ከየትኛው ባሕር እንደወጣ ሳያውቁ ዓመት መናገር አይቻልም። ማንም ሰው የካርበን ወረቀት ይዞ መጥቶ ይሄን ያህል ዓመት ነው ካላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ የየት ባሕር ብላችሁ ነው ያስተካከላችሁት የሚል ይሁን። እኔ አንድ የሉል ሐብል "የ16ኛው ክፍለ ዘመን" ተብሎ እንዲህ ባልተስተካከለ ቁጥር ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የገዛችው ሴት የልጇ ሠርግ ላይ ልታደርገው ነበር፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ደግሞ ልንገራችሁ። በ2003 ኢንዶኔዢያ ጃቫ ባሕር ላይ ከቺሬቦን ከተማ ወዲያ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው የሸክላ ዕቃ ይዞ ወጣ። ሥሩ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አንድ መርከብ ከሺህ ዓመት በፊት ከነጭነቱ ሰምጧል፣ አብዛኛው የቻይና ሸክላ ነው፣ ሉልም ነበረበት። ከሸክላውና ከሳንቲሙ መርከቡ የ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ከዛ ስዊዘርላንድ ባዝል ያለው የከበሩ ድንጋዮች ኢንስቲትዩትና ዙሪክ ያለው ኢቴሃ ዩኒቨርሲቲ፣ ሉል በካርበን መለካት ላይ 2013 ጀምሮ አብረው ያሳተሙ ሰዎች ናቸው፣ ከነዚያ ሉሎች ወስደው ለኩ፣ ባሕሩን አስተካከሉ፣ በ2017 አወጡት፣ ከመርከቡ ዘመን ጋር ገጠመ። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሸክላውና ሉሉ ተነጋግረው አይደለም አንድ ዓመት የሚሉት፣ በሁለት የተለያየ መንገድ መጥተው ነው የተገናኙት። ሺህ ዓመት ጨው ውሃ ውስጥ ተኝተው ካርበናቸው አልተበላሸም።

ከዚህ ከኛ አጠገብም አለ፣ አቡዳቢ ማራዋህ ደሴት ላይ የተገኘችው ሉል፣ ብዙዎቻችሁ ሉቭር አቡዳቢ ሙዚየም ስትታይ ሰምታችኋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5800 እስከ 5600 ባለው ውስጥ ተብላለች፣ ወደ 8,000 ዓመት ገደማ። ዕድሜዋ የተነገረው ግን እሷን ፍቀው አይደለም፣ የተገኘችበትን የአፈር ንብርብር በካርበን ለክተው ነው። እንደሷ ያለችውን አንዲት ነገር ማን ደፍሮ ይፍቃታል። አፈሩ ሳይነካካ ሲገኝ ይሄ መንገድ ይሻላል፣ የአክስቴ ሉል ግን ከልብስ መሃል ነው የወጣችው፣ አፈር የላትም።

ሌላ ጠቃሚ ነገር፣ ቦምብ። በ1950ዎቹና እስከ 1963 ኃያላኑ አየር ላይ ኒውክሌር ሲሞክሩ ካርበን 14 በአየሩ ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ፣ በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየትና እንግሊዝ በስምምነት አየር ላይ መሞከር አቆሙ፣ ከዛ ትርፉ ቀስ እያለ ወደ ባሕር ገባ። ባሕሩ ላይ ዘግይቶና ቀንሶ ነው የታየው ግን በደንብ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሉል ውስጥ ያ ትርፍ ካርበን ከተገኘ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው የተሠራው፣ የፈለገ ወረቀት ይኑረው፣ የቅድመ አያቴ ነው ይበል፣ አይደለም። ዘዴው በጣም የሚታመነው እዚህ ላይ ነው፣ ድሮ ነው የተባለን አዲስ ሉል ማጋለጥ።

የሚያስቸግረው መሃሉ ነው። ከ1650 እስከ 1950 ባለው ውስጥ ኮስሚክ ሬዩም ከፍ ዝቅ ብሏል፣ የፋብሪካ ከሰል ጭስ ደግሞ ካርበን 14 የሌለው የሞተ ካርበን አየሩ ላይ ጨምሯል፣ ስለዚህ የሚወጣው መልስ ሰፊ ነው፣ ከዚህ መቶ ዓመት እስከዚያ መቶ ዓመት ይላችኋል። የ1780ና የ1890 ሉል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይሄ ይቀድማል ማለት ከባድ ነው። ይሄን የማይነግራችሁ ላብራቶሪ ካለ ተጠንቀቁት።

ናሙናው የሚወሰደው ከክር ቀዳዳው ውስጥ ነው፣ ላዩ አይነካም። መጀመሪያ ይጠርጉታል፣ ቀዳዳው ውስጥ ሙጫ፣ ላብ፣ ሽቶ፣ የቆዳ ቅባት ይጠራቀማል፣ ይሄ ሁሉ የራሱ ካርበን አለው። እርባታ ከሆነ ደግሞ ወደ ኳሱ እንዳይገቡ ይጠነቀቃሉ፣ ኳሱ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ በሚመጣ ቅርፊት ነው የሚሠራው፣ የወንዝ ውሃ በኖራ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ የሞተ ካርበን ይዞ ይመጣል፣ ከዛ ላይ ዱቄት ከወሰዳችሁ መልሱ የወንዙና የባሕሩ ቅይጥ ይሆንባችኋል።

ጥያቄ ተነስቶ ነበር፣ ሁለቱን ልጻፍ። አንድ ወንድማችን ሉሲም በዚህ ነው ወይ የተለካችው አለ። አይደለም ወንድሜ፣ ካርበን 14 ከ50,000 ዓመት በላይ ሲሆን የሚቆጠር ነገር አይቀረውም፣ ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ እሷ የተለካችው ከአካባቢዋ የእሳተ ገሞራ አመድ አርጎን በሚባል ጋዝ ነው። አንዲት እህት ደግሞ ከዕድሜው ሌላ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሠራው ይታወቃል ወይ አለችኝ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይታወቃል፣ ሉል ውስጥ የእንስሳው ዲኤንኤ ይቀራል፣ እነዚያው ስዊዞች 2013 ላይ ከትንሽ የሉል ዱቄት አውጥተው የኦይስተሩን ዝርያ ለይተዋል። የባሕሩን ሒሳብ ለማስተካከል ዝርያውን ማወቅ ይረዳል፣ ሁሉም ኦይስተር በሁሉም ባሕር አይኖርማ።

የአክስቴስ? እሷ ሉል ቀዳዳ የላትም፣ አይታችኋታል። ለካርበን ቢሆን መብሳት ይኖርብናል፣ ያልተበሳ ሉል መብሳት ደግሞ አንዴ ነው፣ አይመለስም። ስለዚህ ነገሬን ለአክስቴ እንዲህ አድርጌ አስረዳኋት፣ መጀመሪያ ራጅ፣ ራጁ አይጎዳትም፣ መሃሏ ኳስ ከታየ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ኳስ ከሌላት ደግሞ ተቀምጠን እንመካከራለን፣ ማማ ከቢራ እንዳሉት የአባታቸው ከሆነች ከቦምቡ በፊት መሆን አለባት፣ ያንን ካርበን በእርግጠኝነት ይነግረናል፣ ዓመቱን በትክክል ባይነግረንም። አክስቴ ትንሽ ዝም ብላ "ሳይበሳ የሚታወቀውን ያህል እንወቅ" አለች። ማክሰኞ ሁለታችንም ዕረፍት ነን፣ ለራጅ ይዘናት እንሄዳለን።

ጨርቁ ማን ጋ ደረሰ? እባካችሁ ወደ ፊት መልሱልኝ።